በደጃችን ያለው ሕክምና
የነርሶች ድርሻ በካምፓችን ጤና ጣቢያዎች

(ይህ ጽሑፍ በካኩማ በተደረገ የወላጆችና የመምህራን ስብሰባ ላይ በአንድ ስደተኛ መምህር የቀረበ ንግግር ነው። በስብሰባው ላይ ላልተገኙ ወገኖች እንዲዳረስ በማሰብ አትመነዋል።)




ስለ ልጆቻችሁ ውጤት ልናገር የቆምኩ የመሰላችሁ ትኖራላችሁ። ውጤቱን ከየክፍሉ ኃላፊ መምህር በኋላ ትሰማላችሁ። የእኔ ርእስ ጤና ነው።

«መምህር ስለ ጤና ምን አገባው?» የሚል ቢኖር መልሴ አጭር ነው። የክፍሌን የስም መጥሪያ መዝገብ የምይዘው እኔ ነኝ። ጠዋት ስም ስጠራ «የለም» የሚባልልኝ ልጅ ብዙውን ጊዜ ወይ ራሱ ታሟል፣ ወይ ታናሹ ታሞ ቤት እንዲጠብቅ ቀርቷል፣ አለዚያም እናቱን ተከትሎ ክሊኒክ ሊያስተረጉም ሄዷል። በመዝገቤ ላይ «ቀሪ» የሚለው ምልክት ከሚበዛባቸው መካከል ደግሞ ሴቶች ልጆች ይበዛሉ። ስለዚህ የጤና ጣቢያው ጉዳይ የትምህርት ቤቱም ጉዳይ ነው።

እኔ የሕክምና ሰው አይደለሁም። ሁለተኛ ደረጃ ጨርሼ በዚሁ በስደት ጠመኔ የያዝኩ ሰው ነኝ። የምነግራችሁ ከነርሶች ጠይቄ የተረዳሁትን፣ አንብቤ ያገኘሁትንና በራሴ ቤት የደረሰውን ነው። ሰውን ከመውቀሴ በፊት ከራሴ ጥፋት ልጀምር።

ሁለተኛዋ ልጄ የ9 ወር ሕፃን ሳለች አንድ ሌሊት ተቅማጥና ትውከት ጀመራት። ሲነጋ ዓይኗ ጎድጉዶ፣ አፏ ደርቆ፣ ስታለቅስ እንባ የላትም። ጎረቤቶች ተሰበሰቡ። አንዷ እናት «ግግ ነው፣ ይውጣላት» አሉ። ሌላዋ «የለም፣ እንጥሏ ወርዶ ነው፣ የሚቆርጥ ሰው አውቃለሁ» አሉ። ባለቤቴ «ክሊኒክ እንሂድ» አለች። እኔ የተማርኩት ሰውዬ ደግሞ ሁሉንም ትቼ ወደ ገበያ ሮጥኩና ስሙን እንኳ በቅጡ ያላነበብኩትን ካፕሱል ከአንድ ሱቅ ገዝቼ መጣሁ። በዚህ መካከል ሦስት ሰዓት አለፈ። ደግነቱ ባለቤቴ ካፕሱሉን ከእጄ ነጥቃ ልጅቷን አዝላ ወጣች።

ክሊኒክ ስንደርስ የተቀበለችን ነርስ ናት። የልጅቷን የሆድ ቆዳ በሁለት ጣቷ ቆንጠጥ አድርጋ ለቀቀችና ቆዳው እንዴት እንደሚመለስ አየች። ስንት ጊዜ እንዳስቀመጣት፣ ደም እንዳለው፣ ትጠጣ እንደሆነ፣ መቼ እንደሸናች ጠየቀች። ካርዱ ላይ ጻፈች። ከዚያም የኦ.አር.ኤስ. ፓኬት፣ ኩባያና ማንኪያ ሰጠችንና «እዚያ ጥላው ሥር ቁጭ በሉ። በማንኪያ ቀስ እያላችሁ አጠጧት። ካስመለሰች 10 ደቂቃ ጠብቁና እንደገና በዝግታ ቀጥሉ። እየመጣሁ አያታለሁ» አለች።

ይኼኔ ተቆጣሁ። «ሐኪም ጥሩልኝ! ግሉኮስ ይሰቀልላት! ልጄ እየሞተች የስኳር ውሃ ነው የምትሰጠኝ? እሷ ነርስ ብቻ ናት፣ ምን ታውቃለች?» ብዬ ለአስተርጓሚው ጮህኩበት። አስተርጓሚው አቀርቅሮ ግማሹን ብቻ ተረጎመ። ግማሹን ግን ከፊቴ አንብባዋለች። መልስ አልሰጠችኝም። ከኋላችን ያ ሁሉ ሰው ተሰልፎ እያየ፣ ከባለቤቴ ጎን መሬት ላይ ተቀምጣ የመጀመሪያዎቹን አሥር ማንኪያዎች በራሷ እጅ አጠጣች። ከዚያ ተነሥታ ወደ ሥራዋ ሄደች። በየመሀሉ እየተመለሰች ታይ ነበር።

ከአራት ሰዓት በኋላ እንደገና መረመረቻት። ልጅቷ ሸንታ ነበር። ዓይኗን ገልጣ የእናቷን ጡት ፈለገች። ነርሷ ኦ.አር.ኤስ. አበጣጠሉን አሳየችን፣ የዚንክ ኪኒን ሰጠችን፣ በምን በምን ምልክት ሳንውል ሳናድር እንደምንመለስ ነገረችን። በመጨረሻም ወደ እኔ ዞራ በአስተርጓሚው በኩል «ቤታችሁ ያለው የውሃ ጀሪካን ክዳን አለው?» ብላ ጠየቀችኝ። አላውቅም ነበር። ባለቤቴ «የለውም» አለች። ያን ቀን ነርሷ ልጄንም፣ ጀሪካኑንም፣ እኔንም እንዳከመችን የገባኝ ቤት ከገባሁ በኋላ ነው።

በሦስተኛው ቀን ለክትትል ስንመለስ ይቅርታ ጠየቅኋት። ሳቅ አለችና «እንዲህ የሚሉ አባቶች ብዙ ናቸው፣ ተመልሰው የሚመጡት ግን ጥቂቶች ናቸው» አለችኝ። ይህን ንግግር ለማዘጋጀት ያነሣሣኝ ያ አነጋገሯ ነው።

ክቡራን ወላጆች፣

ያን ቀን «የስኳር ውሃ» ብዬ የናቅሁት መድኃኒት ታሪኩ የሚነካው እንደኛ ያለውን ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 ከዛሬዋ ባንግላዴሽ በጦርነት የሸሹ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሰዎች ሕንድ ገቡ። ባንጋኦን በሚባል ቦታ በስደተኞቹ መካከል ኮሌራ ገባ። በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ አለቀ። ዲሊፕ ማሃላናቢስ የሚባሉ ሐኪም ጨውና ግሉኮስ በልክ የተቀላቀለበትን ውሃ በበርሜል አዘጋጅተው፣ የበሽተኞቹ ዘመዶች ራሳቸው እያጠጡ እንዲያስታምሙ አደረጉ። ቀድሞ ከ100 በሽተኞች 30 ያህሉ ይሞቱ ነበር። በዚህ ዘዴ ግን የሟቾቹ ቁጥር ከ100 ከ4 በታች ወረደ። ምሥጢሩም ይህ ነው፦ ተቅማጥ የያዘው አንጀት ውሃ ብቻውን ሲሰጡት አይዝም፤ ስኳርና ጨው በልክ አብረው ሲገቡ ግን ውሃውን ይዘውት ወደ ደም ያልፋሉ። እንግዲህ በስደተኞች ካምፕ፣ በስደተኞች እጅ የተፈተነውን መድኃኒት እኔ ስደተኛው ናቅሁት ማለት ነው።

ፓኬቱ ቤት ከሌለ አንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ውስጥ በሻይ ማንኪያ ልክ ለልክ 6 ስኳርና ግማሽ ማንኪያ ጨው ማሟሟት ይቻላል። ጨው ማብዛት ጉዳት አለው፣ ስለዚህ ልኩ ይጠበቅ። የተበጠበጠው ከ24 ሰዓት በላይ አይቀመጥም። ጡት የምትጠባ ሕፃን ጡቷን አትከልከል፣ ምግብ የጀመረችም አትጹም። ግሉኮስ የሚያስፈልገው ሕፃን አለ፤ ይኸውም መጠጣት ያቃተው ወይም ራሱን የሳተ ነው። ይህን ለይታ አውቃ፣ የሚጠጣውን «አጠጡት»፣ የማይጠጣውን «ቶሎ ወደ ሆስፒታል» የምትለው ነርሷ ናት።

ግግ ማውጣትንና እንጥል መቁረጥን በሚመለከት ያሉኝን ልንገራችሁ። እናቶቻችን ይህን የሚያደርጉት ከፍቅር ነው። ይሁን እንጂ ያልተቀቀለ ምላጭ ደም መፍሰስንና መንጋጋ ቆልፍን፣ ሌላም በደም የሚተላለፍ በሽታ ሊያመጣ ይችላል። ተቅማጡን ደግሞ አያቆመውም። የሚጠፋው ጊዜ ልጁ ውሃ ሊጠጣበት የሚገባው ጊዜ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልመለስ። በጤና ጣቢያ የነርስ ሥራ ምንድን ነው?

እ.ኤ.አ. በ1978 የዓለም መንግሥታት አልማ አታ በምትባል ከተማ ተሰብስበው ስለ መጀመሪያ ደረጃ የጤና አገልግሎት ስምምነት አወጡ። የስምምነቱ ፍሬ ነገር ሕክምና ትልቅ ከተማ ውስጥ ባለ ትልቅ ሕንፃ ብቻ መቅረት የለበትም፣ ሕዝቡ ወደሚኖርበት ሠፈር መምጣት አለበት፣ ሕዝቡም ተቀባይ ብቻ ሳይሆን ተሳታፊ መሆን አለበት የሚል ነው። ይህን ሐሳብ ሠፈር ድረስ ተሸክመው የሚያደርሱት በአብዛኛው ነርሶች፣ አዋላጆችና የማኅበረሰብ ጤና ሠራተኞች ናቸው።

ነገሩ ለእኛም ለኢትዮጵያውያን እንግዳ አይደለም። በደምቢያ ብዙ ሰው የፈጀ የወባ ወረርሽኝ ከተነሣ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1954 ጎንደር ላይ የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ። የሚያሠለጥነውም ጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን ሲሆን፣ ሦስቱ እንደ አንድ ቡድን ሆነው በየጤና ጣቢያው እንዲሠሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2003 ደግሞ የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ተጀምሮ፣ አሥረኛ ክፍል የጨረሱ ሴቶች አንድ ዓመት እየሠለጠኑ ሁለት ሁለት እየሆኑ በየቀበሌው ተመደቡ። ቁጥራቸው ከ30,000 በላይ ደርሷል። አባቶቻችን ድሬሰሩንም፣ ጤና ረዳቱንም፣ ነርሷንም በአንድነት «ሐኪም» ብለው የሚጠሩት በድንቁርና አይመስለኝም። በደጃቸው ያገኙት ሐኪም እሱ ስለነበረ ነው።

ነርስ በጤና ጣቢያ የምትሠራውን በአምስት ከፍዬ ላቅርብ።

አንደኛ፣ ትለያለች። ብዙ ጊዜ «እኔ ቀድሜ መጥቼ ከኋላዬ የመጣው ገባ» ብለን እንጣላለን። ሰልፍ ለራሽን ነው። በጤና ጣቢያ ግን ቀድሞ የሚገባው ቀድሞ የመጣው ሳይሆን ቀድሞ ሊሞት የሚችለው ነው። ሕፃኑ መጠጣት ወይም መጥባት ካቃተው፣ የወሰደውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ካንቀጠቀጠው፣ ወይም ፈዝዞ አልነቃ ካለ ሰልፍ የለውም። እነዚህን አራት ምልክቶች ያየ ወላጅ ዝም ብሎ አይሰለፍ። ድምፁን ያሰማ።

ሁለተኛ፣ ትለካለች። ሳል ያለበትን ሕፃን ልብስ ገልጣ ሰዓቷን እያየች ዝም ስትል ሥራ የፈታች ይመስለናል። ትንፋሽ እየቆጠረች ነው። ከ2 ወር እስከ 1 ዓመት ያለ ሕፃን በደቂቃ 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ያለ ደግሞ 40 እና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ የሳንባ ምች ሊሆን ይችላል። ክንዱ ላይ የምትጠመጥመው ባለቀለም ጥብጣብም እንዲሁ ነው። ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ያለ ልጅ የክንዱ ዙሪያ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ሲሆን ጥብጣቡ ቀይ ላይ ያርፋል። ያ ልጅ በከባድ የምግብ እጥረት ተጎድቷል፣ ሕክምናም ያስፈልገዋል። ለልጃችሁ የተሰጠውን የሕክምና ምግብ ለሌላ ማካፈል ወይም መሸጥ በዚያ ልጅ ሕይወት መጫወት ነው።

ሦስተኛ፣ ትከላከላለች። ታሞ ከመማቀቅ አስቀድሞ መጠንቀቅ ይባል የለ? ፈንጣጣ ከምድር የጠፋው በክትባትና ሠፈር ለሠፈር በተደረገ ክትትል ነው። በኢትዮጵያ የመጨረሻው በሽተኛ የታየው እ.ኤ.አ. በ1976 ሲሆን፣ በተፈጥሮ የተላለፈው የዓለም የመጨረሻ ሕመም በ1977 ሶማሊያ መርካ ላይ የተገኘው ነው። በሽተኛው አሊ ማው ማሊን የሆስፒታል ወጥ ቤት ሠራተኛ ነበር። ሆስፒታል ውስጥ እየሠራ ክትባት ፈርቶ ሳይከተብ ቀርቶ ነበር። ከዳነ ከብዙ ዓመታት በኋላ ግን ልጆች ፖሊዮ እንዲከተቡ ወላጆችን ሲቀሰቅስ ኖሮ በ2013 ዐርፏል። ክትባት የምትፈሩ ወላጆች ይህን ሰው አስቡት። የኩፍኝ ክትባት በተለመደው መርሐ ግብር በ9 ወር ይጀመራል፣ ሁለተኛውም አይቅር። የክትባት ካርድ ከራሽን ካርድ እኩል ይቀመጥ።

አራተኛ፣ ትከታተላለች። ነፍሰ ጡር ሴት ደህና ነኝ ብትልም ቀጠሮዋ አይታለፍ። የዓለም የጤና ድርጅት ከ2016 ጀምሮ የሚመክረው በአንድ እርግዝና 8 ጊዜ መታየትን ነው። የደም ግፊት መጨመር ሳይታወቅ እናትና ልጅን ሊገድል ይችላልና። ደም ግፊት፣ ስኳርና የሚጥል በሽታ ያለባቸው ወገኖችም ሻል ስላላቸው ብቻ መድኃኒት አያቋርጡ። የሳንባ ነቀርሳ የተለመደው ሕክምና 6 ወር ነው። በሁለተኛው ወር ሳሉ ሲጠፋ የሚያቆም ሰው በሽታውን መድኃኒት አስለምዶ ለቤተሰቡ ያወርሰዋል።

አምስተኛ፣ ታስተምራለች። ስለ ጀሪካኑ ክዳን የጠየቀችኝ ለዚህ ነው።

አሁን ደግሞ ብዙዎቻችሁ የምታነሡትን ቅሬታ ላንሣ። አንደኛው «ክሊኒክ ሄደን ፓራሲታሞል ብቻ ሰጥተው መለሱን» የሚል ነው። ይህንን አንዲት ነርስ ጠይቄያት ነበር። ጉንፋን በአንቲባዮቲክ አይድንም፤ ወባ ሳይገኝም የወባ መድኃኒት አይሰጥም፤ ያለ ቦታው የተሰጠ መድኃኒት ነገ በእርግጥ ስንፈልገው አይሠራም ብላ አስረዳችኝ። መልሷ አሳምኖኛል። ሆኖም ይህንን ለእኔ ስትነግረኝ የፈጀባት ሁለት ደቂቃ ነው። ለዚያች ሌሊቱን ሙሉ ስትቃጠል ላደረች እናትም ያን ሁለት ደቂቃ የሚሰጥ ቢገኝ ከቤቷ ይልቅ በክሊኒኩ ትተማመን ነበር። እዚህ የተገኛችሁ የጤና ሠራተኞች ይህን በቅንነት ተቀበሉኝ። ሰው ኪኒን ብቻ አይፈልግም። «ሕመምሽ ይህ ነው፣ ይህን የሰጠሁሽ ስለዚህ ነው» መባልም ይፈልጋል።

ሁለተኛው የቋንቋ ጉዳይ ነው። ይህኛው እንደ መምህር ልቤን ያደማዋል። አንድ የ13 ዓመት ተማሪዬ ሁለት ቀን ቀርቶ ሲመለስ ለምን እንደቀረ ጠየቅሁት። አንገቱን ደፍቶ ዝም አለ። በኋላ እንደተረዳሁት እናቱን ሊያስተረጉም ሄዶ ኖሯል። ሕመሟ ሴት ለሴት እንኳ በሹክሹክታ የሚነገር ነው። እናትየው ከልጇ አፍራ ግማሹን ደበቀች፣ ልጁም ከገባው ግማሹን ዘለለው። ነርሷ የሰማችው የቀረውን ነው። በዚህ ላይ ተመርኩዛ ምን መድኃኒት ትስጥ? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። እዚህ ላይ ግን በሽታውን የደበቀችው እናት ሳትሆን እኛ ያላመቻቸንላት መንገድ ነው። ስለዚህ ልጆቻችንን አስተርጓሚ አናድርጋቸው። ኃላፊዎችም ለሴቶች ሴት አስተርጓሚ በየዕለቱ እንድትኖር እንዲያደርጉ የማኅበረሰቡ ተጠሪዎች በስማችን በጽሑፍ ይጠይቁልን። አስተርጓሚውም የሰማውን ቡና ላይ የማያወራ፣ የተነገረውን የማይጨምርና የማይቀንስ መሆን አለበት።

ሦስተኛው የነርሶቹ ቅሬታ ነው። ይሰደባሉ። እጅ የሚሰነዘርባቸውም አሉ። እኔም ከተሳደቡት አንዱ ነበርኩ። በልጁ የፈራ አባት ቢቆጣ አይደንቅም። ግን ፍርሃታችንን በማን ላይ እንደምናራግፈው እናስተውል። ስድብ የሰለቻት ነርስ ነገ ሥራዋን ትታ ብትሄድ፣ ሌሊት ልጃችን ሲታመም በሩን የሚከፍትልን ማን ነው?

ከመደምደሜ በፊት ስለ ሴቶች ልጆቻችን አንድ ቃል ልናገር። በጣሊያን ወረራ ዘመን ቤተሰቦቻቸው በእንግሊዝ አገር በስደት ሳሉ፣ ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ ለንደን በሚገኝ የሕፃናት ሆስፒታል ገብተው ነርስነት ተምረዋል። የንጉሥ ልጅ ናቸውና አስታማሚነትን ዝቅተኛ ሥራ ነው ብለው ሊንቁት ይችሉ ነበር። አልናቁትም። ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1942 ገና በ20ዎቹ ዕድሜያቸው ቢያርፉም፣ በስማቸው መታሰቢያ ሆስፒታል አዲስ አበባ ላይ ተሠርቷል። የስደት ዘመን የባከነ ዘመን መሆን እንደሌለበት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም።

በክፍሌ ውስጥ በሳይንስ ትምህርት እጃቸውን ቀድመው የሚያወጡ ሴቶች ልጆች አሉ። የእናታቸውን ቋንቋ ያውቃሉ፣ ስዋሂሊና እንግሊዝኛም ይችላሉ። አማርኛም ሆነ ኦሮምኛ የምትሰማ፣ የእናቷን ዕፍረት የምታውቅ ነርስ በጤና ጣቢያችን ብትኖር ያ የ13 ዓመት ልጅ ከትምህርቱ አይቀርም ነበር። ነገር ግን እነዚህ ልጆች ውሃ ለመቅዳት፣ ሕፃን ለመጠበቅ፣ አንዳንዴም ያለ ዕድሜያቸው ለመዳር ከትምህርት ይቀራሉ። አንዲት ልጅ ከስምንተኛ ክፍል ስታስቀሯት ተማሪ ብቻ አይደለችም የምትቀረው። ነርሷም አብራ ትቀራለች።

እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ ይህን እንድንስማማበት እጠይቃለሁ። የታመመ ልጅ ከገበያ ኪኒንና ከምላጭ በፊት ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። የክትባትና የሕክምና ካርድ ይጠበቅ። የተጀመረ መድኃኒት ይጨረስ። ጀሪካን ይታጠብ፣ ይከደን። ልጅ ለማስተርጎም ከትምህርት አይቅር። የነርሷን ምክር ያልተስማማንበት እንደሆነ ረጋ ብለን «ለምን?» ብለን እንጠይቃት። መጠየቅ መብታችን ነው።

ልጄ ዛሬ ፊደል ጀምራለች። የትኛዋ እንደሆነች ካወቃችሁ፣ በዚህ ግቢ ውስጥ ስትሮጥ ስታዩዋት አባቷ ምን ያህል አላዋቂ እንደነበረ አስታውሱ። እኔም ሰኞ ጠዋት መዝገቤን ከፍቼ ስም ስጠራ «አቤት» የሚለው ድምፅ በዝቶ እንድሰማ ተስፋ አደርጋለሁ።